የተሰነጠቀው ቀንበርና የመጀመሪያው የቀንድ ፈርጣችን

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በክራር ሠሪዎች ቡድን ስም የተነበበ



የቡድናችሁን ሪፖርት አቅርቡ ስንባል መጀመሪያ ያሰብነው እንደ አምናው በቁጥር ለመጨረስ ነበር፤ ስንት ክራር ተሠራ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ ስንቱ ቀረ። ቁጥሩ በጸሐፊያችን እጅ ስላለ ማየት የሚፈልግ ያየዋል። ዛሬ የምናወራችሁ ግን ስለ ሁለት ክራሮች ብቻ ነው። አንደኛው ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው ተሸጠ። የሁለቱም እንጨት የተገዛው ከእናንተ ቁጠባ ነው፤ የተሸጠውን ብቻ አሳይተን የተሰነጠቀውን ብንሸሽግ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ መሸሸጋችን ይሆናል። ለሁለተኛ ጊዜ ያልነው ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትሰሙታላችሁ።

ለእንግዶቻችን ስንል ከቦታው እንጀምር። የቡድኑ አባላት ሰባት ነን። ቤታችን ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አሸተን ማርያም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ከዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አባቶች ከቅዱስ ነአኩቶ ለአብ ዘመን ጋር አያይዘው ይተርኩላታል። በእግር ወይም በበቅሎ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ መንገዱ በዓለቱ ስንጥቅ መካከል ጠብቦ ያልፋል። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በዚያ መንገድ ዳር ስፌት ስንሸጥ ነው ያደግነው። እውነቱን ለመናገር ዳገቱ ራሱ ነበር ገበያችን። እንግዳ በሜዳ ላይ ሲሄድ ሙዳይ አያይም፤ ትንፋሽ አጥሮት ድንጋይ ላይ ቁጭ ሲል ነው ዓይኑ ወደ እጃችን የሚመጣው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ እንግዳው ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላም መንገዱ እንደ ድሮው አልሆነም። ያንን ዘመን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ስለምታውቁት አናስረዝመውም። ሙዳይና መሶብ በየቤታችን ጥግ ተደርድሮ አቧራ ሲለብስ፣ ማኅበሩ ሌላ ሥራ ሞክሩ ብሎ የቁጠባ ብድር ፈቀደልን።

ክራር መሥራቱን ያስተማሩን ከከተማው ዳር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ክራርና መሰንቆ ሠሪ ናቸው። ስማቸውን እንዳንጠራ ስለለመኑን አባባ እያልን እንቀጥላለን። ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጆቻቸውም ሙያውን አልተከተሉም። ስንሄድባቸው መጀመሪያ የጠየቁን እንጨት መጥረብ መቻላችንን አልነበረም። «ባለ እጅ ስትባሉ ትችሉታላችሁ?» ነው ያሉን። የሚሉት ገባን። በአገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን መናቅ የቆየ በሽታ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ስድቡ ግን ዛሬም ውኃ ስንቀዳ ይሰማናል። በዚህ ላይ ሴት ናችሁ፣ ቆዳ ትፍቃላችሁ፣ መሮ ትይዛላችሁ እየተባለ ይጨመርበታል። ከመካከላችን የአንዷ ባል ለሦስት ወር አላናገራትም። አሁን ጅማት የሚያከርርላት እሱ ነው፤ አባባሎቹን ሁሉ ግን ገና አልተወም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ባለፈው መስከረም፣ የዚህ አገር ልጅ ሆኖ ውጭ የሚኖር አንድ ሰው ለገና ሲመጣ ለልጁ የሚሰጣት ባለ ስድስት አውታር ክራር አዘዘን። ቀብድም ከፈለ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀን። በየሱቁ እንደሚሰቀለው ክራር ቀለም የተቀባ አይሁን፤ ጌጡ ከእንጨቱ ጋር አብሮ የተወለደ ይምሰል አለ። እኛም እሺ አልን። እሺ ያልነው አውቀነው ሳይሆን ቀብዱ ስላስፈለገን ነው።

የጊታር አንገት ላይ ነጫጭ ነጥቦች አይታችሁ ይሆናል። ከዛጎል ወይም ከፕላስቲክ ተቆርጠው እንጨቱ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ ተጫዋቹ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የሚቆጥርባቸው። የስፔን ጊታር ሠሪዎችም የድምፅ ቀዳዳውን ዙሪያ በጥቃቅን ባለ ቀለም የእንጨት ቁራጮች ያስጌጣሉ። እንጨቱን በልኩ ፈልፍሎ ሌላ ነገር ማስገባት፣ ከዚያ እጅ ሲዳብሰው አንድ ገጽ እስኪሆን ማለስለስ ነው ሥራው። እኛ ፈርጥ ብለን ጠራነው፤ የቀለበት ፈርጥ እንደምንለው። እስከዚያ ቀን አንዳችንም ሞክረነው አናውቅም። አባባም ስንጠይቃቸው «እኔ ክራር ሠራሁ እንጂ ጌጥ አልሠራሁም» አሉን።

መጀመሪያ የተጣላነው በቅርጹ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ የላሊበላን መስቀል እናስገባበት አልን። ከሕፃንነታችን ጀምሮ አሸተን ማርያም በር ላይ ካህኑ መስቀሉን አውጥተው ለእንግዳ ሲያሳዩ አይተናል፤ ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ጌጡን የሚሠራው ናሱ ብቻ ሳይሆን ቀዳዳውም መሆኑን እናውቃለን። አንዷ እህታችን ግን እምቢ አለች። በገና የዳዊት ነው፣ መስቀል ቢቀረጽበት ያምርበታል፤ ክራር ግን የሠርግና የጠጅ ቤት ነው፣ ሰው እየጠጣ የሚያጨበጭብበት መስቀል ላይ እጄን አላነሳም አለች። ሌላዋ መለሰችላት፤ ቀሚሳችን ላይ መስቀል አለ፣ እሱን ለብሰን እስክስታ አንወርድም ወይ? ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛም ሁለት ቅዳሜ በዚሁ ተከራከርን። ወደ መምሬ ሄደን ብንጠይቅም «ሰላም ከሌላችሁ ተዉት» ብለው ሸኙን።

ክርክሩን የፈታው መጋዙ ነው። መስቀሉን የምትፈልገዋ ወገን በቀንድ ላይ ስላ መቁረጥ ጀመረች። ክቡና ሐረጉ ውስጥ ለውስጥ የሚዞር ስለሆነ ስሱ አንገቱ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ሦስት ጊዜ ተሰበረ። የእኛ የብረት መጋዝ ደግሞ ቀጥታ እንጂ ዙሮ መቁረጥ አይወድም። በአራተኛው ቀን ክርክሩ ሳይፈታ ዝም ተባለ። ከዚያ እምቢ ያለችው እህታችን ከቤቷ አሮጌ መሶብ ይዛ መጣችና መሐላችን አስቀመጠችው።

ስፌት የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። በአክርማና በአለላ የሚወጣ ጌጥ ክብ መስመር አያውቅም፤ ዙሩ እየተቆጠረ ደረጃ በደረጃ ነው የሚያድገው። ሦስት ማዕዘን፣ ጎን ለጎን የቆመ አራት ማዕዘን፣ መሰላል የሚመስል። ይህ ሁሉ በቀጥታ መጋዝ ይቆረጣል። ማስመሪያም ብዙ አያስፈልገንም፤ እኛ ቅርጽን የምናውቀው በቁጥር ነውና። አንዷ ስትቆጥር ሌላዋ በወስፌ እንጨቱ ላይ ትጭራለች። መስከረም እንዲህ አለቀ።

አሁን ስለ ቀንዱ። ቀንዱ የተሰበሰበው ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ቅርጫ ነው። ሰው ሥጋውን ተካፍሎ ቀንዱን ለውሻ ይጥለዋል፤ እኛ ከውሻ ጋር እየተሻማን ለቀምነው። መንደርተኛው ስቆብናል። ቀንድ ውስጡ አጥንት አለው፤ ትኩሱን ለማውጣት ብትሞክሩ አይለቅም። ፀሐይ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ወይም መቀቀል ነው። ከቀቀላችሁት ደግሞ ጎረቤት ይጣላችኋል፤ ሽታው የተቃጠለ ፀጉር ነው። ልክም ነው፣ ቀንድ ከጥፍርና ከፀጉር ጋር አንድ ዘር ነውና። ለዚህ ነው ሙቀት የሚያለሰልሰው። አጥንቱ ከወጣ በኋላ ጫፉን ቆርጠን፣ ጎኑን በቁመቱ ሰንጥቀን፣ በፈላ ውኃ ውስጥ እስኪለዝብ ካቆየን በኋላ በሁለት ጣውላ መካከል አድርገን የወፍጮ ድንጋይ እንጭንበታለን። ሲበርድ እንደ ጣውላ ይዘረጋል። ጥቁሩ ቀንድ ሲለሰልስ እንደ መስታወት ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ወርቃማው ደግሞ እንደ ማር። በዚህ ነገር ተደስተን አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ሥራ ሳንሠራ ቀንድ ስንዘረጋ ከረምን።

ያላወቅነው ቀንድ የድሮ ቅርጹን እንደማይረሳ ነው። በችኮላ ዘርግተን ሳይደርቅ ያነሳነው ሁሉ በሳምንቱ እንደ ቅጠል ተጠቅልሎ አገኘነው። እንደገና ተቀቀለ፣ እንደገና ተጫነ። አሁን ከድንጋይ ሥር ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አናነሳም።

ነጭ ነገርም ስለፈለግን የበሬ ቅልጥም ቀቅለን፣ በአመድ ፍቀን፣ ስቡ እስኪወጣ ድረስ ፀሐይ አሰጣነው። ስቡ ካልወጣ ሙጫው አይዝም፤ ከጊዜ በኋላም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አጥንት አንዲት ደጋፊያችን ፎቶውን አይታ የዝሆን ጥርስ ነው ወይ ብላ ደንግጣ ጠይቃን ነበር። አይደለም። የዝሆን ጥርስ ንግድ ክልክል ነው፤ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ አበባ ላይ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በእሳት ማቃጠሉን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የእኛ ከቅርጫ የተረፈ የበሬ እግር ነው፤ መረቁንም ጠጥተነዋል።

ክራሩ ከዋንዛ ነው። ገበቴው በአባባ እጅ ተመርምሮ አለፈ፣ የፍየል ቆዳው ተወጠረ፣ ሁለቱ ቋሚዎች ቆሙ። ፈርጡን የት እናስገባ ስንል ሁላችንም የመረጥነው ከላይ የሚያገድመውን ቀንበሩን ነው፤ የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ። አባባን ሳናማክር ጀመርን። ይህ የመጀመሪያው ጥፋታችን ነው።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። የዘረጋነው ቀንድ ውፍረቱ አንድ ዓይነት አልሆነም፤ በአንድ ጎኑ ስስ፣ በሌላው ወፍራም ነው። ቀንዱን በሞረድ ማሳሳት ክንድ ይገድላል፤ አቧራውም ያስላል። እንጨቱ ደግሞ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ቀንዱን በማሳሳት ፈንታ ወፍራሙ ቁራጭ እስኪገባ ድረስ እንጨቱን ቆፈርነው። የቀንበሩ ውፍረት ሁለት ጣት አይሞላም፤ ሲሶውን ያህል ፈልፍለን አወጣነው። በዚያ ላይ ጌጡ የመቃኛዎቹን ቀዳዳዎች ተከትሎ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሄድ መስመር ነበር። አሁን ስናወራው ሕፃን እንኳ የሚያየው ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ሰባታችንም ጎንበስ ብለን ጥቁሩ ሦስት ማዕዘን ከነጩ አጠገብ ሲቀመጥ እያየን እልል ልንል ምንም አልቀረንም።

ክፍተቱን የሞላነው የዋንዛ ብናኝ ከኮላ ጋር ለውሰን ነው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ስንፈትግ የጥቁሩ ቀንድ ዱቄት ሙጫው ገና ባልደረቀበት ቦታ ገብቶ ዙሪያውን አጠቆረው። የተገናኘ መስመር ሳይሆን ኩል የተቀባ ዓይን መሰለ። ቢሆንም ከሩቅ ያምራል ብለን ራሳችንን አጽናናን።

ከኅዳር ጽዮን በኋላ ባለው ሳምንት፣ ማታ በኩራዝ፣ ትዝታ ቅኝት ልናወጣ አውታሮቹን አንድ በአንድ ማክረር ጀመርን። ሦስተኛው ድረስ ደህና ነበር። አራተኛውን ስናከርር ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ጮክ ያለ አልነበረም። ስንጥቁ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ተነስቶ በፈርጦቹ ሥር አልፎ እስከ ሦስተኛው ቀዳዳ ሄደ። ከነጮቹ ሁለቱ ተስፈንጥረው መሬት ወደቁ። ማንም አልተናገረም። አንዷ ጎንበስ ብላ ቁራጮቹን ለቀመች።

አሁን ማፈር ያለብንን እንናገር። ገና አንድ ወር ቀርቶታል፤ ቀብዱን ደግሞ ለገበቴ እንጨትና ለቆዳ አውለነዋል። በማግሥቱ ስንጥቁ ውስጥ ኮላ አፈሰስን፤ በገመድ አሥረን አደረቅነው፤ የወደቁትን መለስን፤ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ቀባንበት። አበራ። ከዚያ አውታሮቹን ላላ አድርገን ይዘነው አባባ ዘንድ ሄድን። ለምን እሳቸው ዘንድ? ዓይናቸው ስለደከመ። እሳቸው ካለፉት ማንም ያልፈዋል ብለን ነው። ይህን በቃላት አልተነጋገርንበትም፤ ሁላችንም ግን እናውቀው ነበር።

አባባ ክራሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። አንድ ጊዜ ገረፉት። ቀጥሎ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በቀንበሩ ጀርባ ላይ ቀስ ብለው ነዱት፤ ሦስተኛው መቃኛ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ጥፍራቸው ስንጥቁ ውስጥ ገባ። «ልትሸውዱ የመጣችሁት እኔን ነው ወይስ ልጅቷን?» አሉ። ቡና እንኳ ሳንጠጣ ተነሳን።

የዚያን ዕለት ማታ ወደ ሰውዬው ደወልን። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ በሦስቱም ጊዜ ደጋፊ ያጣች ሰው መስለን ከመጀመሪያው ጀመርን። ተሰነጠቀ፣ ልንሸፍነው ሞክረን ነበር፣ ቀብድህን በየወሩ ከፋፍለን እንመልስልህ አልነው። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ለገና ሌላ ይደርሳል?» አለ። ይደርሳል አልን። ይህንንም ያልነው አውቀነው አይደለም።

በዚያ ሳምንት አንዲት ደጋፊያችን፣ ዛሬም እዚህ አሉ፣ ተስፋ መቁረጣችንን ሰምተው በስልካቸው አንድ ፎቶ አሳዩን። ኢራቅ ውስጥ ኡር በሚባል ጥንታዊ ከተማ፣ ሊዮናርድ ዉሊ የሚባል እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት በ1920ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከመቃብር ያወጣቸው ክራር መሰል መሣሪያዎች ነበሩ። አራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። አንደኛው የተገኘው ፑአቢ ከምትባል ንግሥት መቃብር ነው። እንጨቱ በስብሶ አፈር ሆኗል፤ ያልበሰበሰው ፈርጡ ነው፤ ዛጎሉ፣ ሰማያዊው የከበረ ድንጋይ። ዉሊ በአንደኛው ላይ እንጨቱ ጠፍቶ በተወው ባዶ ቦታ ጀሶ አፍስሶ ቅርጹን ከነጌጡ አወጣው። ይህን ሲነግሩን ሁላችንም ዝም አልን፤ ከመካከላችን የምትቀልደዋ ግን «የነሱ እንጨቱ ሄዶ ጌጡ ቀረ፤ የኛ ጌጡ እንጨቱን ይዞት ሄደ» አለች። ከስንጥቁ ወዲህ የሳቅነው ያን ጊዜ ነው።

ፎቶውን አተልቀን ስናይ ጌጡ በሳጥኑ ጠርዝ ላይ በቀጭን መስመር ተደርድሯል። በክራራችን ላይ ይህን ማድረግ አንችልም፤ ጠርዙን ቆዳው ይሸፍነዋል፤ ገበቴውን ከፈለፈልነው ደግሞ ድምፁን መንካት ነው። በዚህ ጊዜ አባባን ይቅርታ ጠይቀን ሄድንና ከሥራው በፊት አማከርናቸው። ሁለቱን ቋሚዎች በጣታቸው ለክተው፣ ከታች ወደ ገበቴው ሲጠጉ የሚሰፉበትን ቦታ አሳዩን። «እዚህ ላይ ሥጋ አለው፤ ቆዳውን ብቻ ነው የምትነኩት» አሉ።

አዲሱ እንጨት አምና የተቆረጠና የደረቀ እንዲሆን አደረግን፤ የመጀመሪያው ገና እርጥበት ነበረው፣ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ፈርጡን ይለቀዋል። ቀንዱን ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን በሞረድ አሳሳነው። ክንዳችን ዝሏል፤ ግን ስስ ነገር ስስ ጉድጓድ ይበቃዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ እንጨቱ ላይ አስቀምጠን በስለት ጫፍ ዙሪያውን ጫርን፤ ማስመሪያው ቁራጩ ራሱ ሆነ። ከዚያ በትንሹ መሮ ከጭረቱ በመለስ ብቻ፣ ፀጉር በሚያህል እየቀነስን። ቁራጩ በጣት ግፊት ሲገባና አምልጦ ሲወጣ ሳይሆን፣ ገብቶ እንቢ ሲል ነው ልኩ። ክፍተት ቢኖር ደግሞ የምንሞላው በእንጨት ብናኝ ሳይሆን በራሱ በቀንዱ ዱቄት ነው፤ ጥቁር በጥቁር አይታይም። ከመፈተጋችን በፊት እንጨቱን ስስ ቫርኒሽ ቀብተን ቀዳዳውን ስለደፈንን ዱቄቱ አላጠቆረውም። ይህቺን ዘዴ ያገኘናት በስህተት ነው፤ አንዷ ቫርኒሹን ቀድማ ቀብታ ልንቆጣት ስንል።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በየቀኑ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። እነዚያ ከዓለቱ እየቀነሱ ብቻ የሠሯቸው ናቸው፤ አንድ ድንጋይ አልተጨመረም። እኛ ቀንሰን እንደገና ስንጨምር መሮው ለቀነሰው ሁሉ ሌላ ነገር ተጠያቂ ይሆናል። ፈልፍሎ መተው ይቀላል ማለታችን ግን አይደለም፤ ቅዱሳኑ ይቅር ይበሉን።

ከገና ሁለት ቀን አስቀድሞ ክራሩ አለቀ። በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ አሥራ ሦስት ቁራጭ፣ በድምሩ ሃያ ስድስት። ስድስቱም አውታሮች ከረሩ፣ አልተሰነጠቀም፤ ሌሊቱን ግን ከመካከላችን ሦስቱ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ያን ጭራሮ ሲጠብቁ። በማግሥቱ አባባ ዘንድ ወሰድነው። ጌጡን አልዳሰሱም። ገርፈው አዳመጡ፣ አንድ መቃኛ አስተካከሉ፣ እንደገና ገረፉ። ከዚያ ትንሽ ባቲ ተጫወቱ፤ በዕድሜያቸው ሲጫወቱ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ጥፍራቸውን በቀንበሩ ላይ የነዱት በመጨረሻ ነው። ክራሩን ሲመልሱልን ነው ጣታቸው ፈርጡ ላይ ያረፈው፤ «ይህ ምንድነው፣ መሶብ ነው?» አሉ። ነው አልናቸው።

ለገና ቤዛ ኩሉ ተዘምሮ ሲያልቅ ሰውዬው ከልጁ ጋር መጣ። ልጅቷ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ አማርኛዋ ይሰባበራል። ክራሩን ከመግረፏ በፊት ቁራጮቹን መቁጠር ጀመረች። ቆጥራ ቆጥራ በግራው ቋሚ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ «ይህ ለምን ብቻውን ወደ ታች ያያል?» አለች። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ሰባት ሰው፣ ሦስት ሳምንት፣ ማናችንም አላየነውም። አንዱ ሦስት ማዕዘን ተገልብጧል። ማታ በኩራዝ ስንቆጥር የተሳሳትን ይመስለናል። አባቷ እኛን እያየ ነበር። ማታ ቆጥረን ተሳስተን ነው፣ አሁን ከተነሣ ይሰበራል አልናት። ጥቂት አሰበችና ተዉት አለች። ቀሪው ገንዘብ በዚያው ዕለት ተከፈለ።

ይህን ካልን በኋላ እርስ በርስ ያልጨረስነውን ክርክር ለጉባኤው ማቅረብ አለብን። አንድ ፈርጥ ያለበት ክራር የሁለት ተራ ክራር ጊዜ ይበላል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ግማሾቻችን ይህ ሥራ ስማችንን ያስጠራልና ይቀጥል እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱት በተራው ክራር ነው፣ ፈርጡ በትእዛዝ ብቻ ይሁን እንላለን። ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶች ለስጦታ የሚሆን ትንንሽ ክራር፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በጌጥ የተሞላ ሥሩ ብለውናል። በቅን ልብ መሆኑን እናውቃለን፤ እምቢም አላልንም። ነገር ግን የማይጮኽ ክራር ስንሠራ እጃችን ይሰንፋል፤ አባባም አያዩልንም። አስናቀች ወርቁ በመድረክ ላይ ይዛው የተቀመጠችውን መሣሪያ የግድግዳ ጌጥ ማድረግ ያሳዝነናል። ይህ የእኛ ስሜት ነው፤ ጉባኤው ያመዛዝን።

ከደጋፊዎቻችን የምንለምነውም ትንሽ ነው። አምና የላካችሁልን ትንሿ ሞርሳና የብርጭቆ ወረቀት በሥራ ላይ ናቸው፤ ሞርሳዋን ማየት ትችላላችሁ፣ ከበሩ በስተቀኝ ናት። አሁን የሚያስፈልገን ስስ ምላጭ ያለው ዙሮ የሚቆርጥ መጋዝና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ነው። የቀንድና የአጥንት ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመካከላችን ሁለቱ ከኅዳር ጀምሮ ሳላቸው አልተዋቸውም፤ ሞረድ የምንሠራው አሁን ደጅ ነው፤ በነጠላ ተከናንበን።

የተሰነጠቀውን ቀንበር አልጣልነውም። ሥራ ቤቱ ውስጥ ከመስኮቱ በላይ ተሰቅሏል፤ አዲስ የምትገባ አባል መጀመሪያ የምትዳብሰው እሱን ነው፤ በጥፍሯ።

እንግዲህ ዓቢይ ጾም እየተገባደደ ነው። ለፋሲካ ቅርጫ የምትገቡ እናቶች፣ አደራችሁን፣ ቀንዱን አትጣሉብን፤ ከሥሩ ሳትሰብሩ ከነአጥንቱ አስቀምጡልን። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከረጢት ይዘን በየቤታችሁ እንመጣለን።